ብርና የሱዳን ፓውንድ፦ ምንዛሪው እንዴት ይሰላል? ለምንስ ይለዋወጣል?

በምሥራቅ ሱዳን በገዳሪፍ ግዛት፣ ከኢትዮጵያ ወሰን አጠገብ፣ መንደር 8 የምትባል ቦታ አለች። በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት በተነሣ ጊዜ በሉግዲ በኩል የተሻገሩ ስደተኞች ወደ ኡም ራኩባና ወደ ቱናይድባ ከመወሰዳቸው በፊት ያረፉት በዚህች መንደር ነበር። በመተማና በጋላባት የሚነግደውም ሆነ ለሰሊጥ አጨዳ ወሰን የሚሻገረው የቀን ሠራተኛ፣ እንደ ስደተኛው ሁሉ፣ አንድ ጥያቄ አይለየውም፤ ይኸውም «ብር በስንት ጊኔ ይመነዘራል?» የሚለው ነው። ጊኔ የሱዳን ሕዝብ ፓውንዱን የሚጠራበት ስም ነው።

ለዚህ ጥያቄ አንድ ቁጥር ጠርቶ ማለፍ ቀላል ይመስላል። የሁለቱን ገንዘቦች ታሪክ የተመለከተ ሰው ግን መልሱ ሦስት ሌሎች ጥያቄዎችን እንደሚጠይቅ ይረዳል፦ በየትኛው ቀን? በየትኛው ገንዘብ? በየትኛው ገበያ? እነዚህን በየተራ እንመለከታለን። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

1. በየትኛው ቀን?

ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሥራ ላይ ሲውል ዋጋው በወርቅ ተወሰነ። በእንግሊዝኛ «የኢትዮጵያ ዶላር» ይባል እንጂ በአማርኛ ስሙ ያን ጊዜም ብር ነበር። አንዱ ብር 0.35769 ግራም ንጹሕ ወርቅ ያወጣ ነበር። ሱዳንም ነፃነቷን ካገኘች በኋላ መጋቢት 30 ቀን 1949 ዓ.ም. የራስዋን ፓውንድ በግብፅ ፓውንድ ምትክ አወጣች፤ ዋጋውም 2.55187 ግራም ወርቅ ነበር። እንግዲህ ሁለቱን ገንዘቦች ለማነጻጸር የወርቁን ክብደት ማካፈል ይበቃል፦

2.55187 ÷ 0.35769 = 7.13

ስለዚህ በዚያ ዘመን አንድ የሱዳን ፓውንድ 7 ብር ከ13 ሳንቲም ያህል ነበር ማለት ነው።

የዓለም ገንዘቦች ከወርቅ እየተላቀቁ ሲሄዱ የወርቁን ቦታ የአሜሪካ ዶላር ያዘ። ዘዴው ግን አልተለወጠም። አንድ ዶላር ስንት ብር፣ ስንትስ ፓውንድ እንደሚያወጣ ካወቅን፣ የብሩን ቁጥር ለፓውንዱ ቁጥር በማካፈል የአንዱን ፓውንድ ዋጋ በብር እናገኛለን። በ1964 እና በ1965 ዓ.ም. አሜሪካ የዶላርን ዋጋ ስትቀንስ ብር አብሮ አልወረደም፤ አንዱ ዶላር ከ2.50 ብር ወደ 2.30፣ ቀጥሎም ወደ 2.07 ብር ዝቅ አለ። ሱዳን ግን ፓውንድዋን ከዶላሩ ጋር አስተሳስራ ቆየች። ካርቱም አንድም ነገር ሳትለውጥ ፓውንድዋ በብር ሲሰላ ወደ 5.94 ወረደ።

ከዚያ በኋላ ብር በ2.07 ላይ እስከ መስከረም 1985 ዓ.ም. ጸንቶ ሲቆይ፣ ሱዳን ለእርሻ ልማት የወሰደችው የውጭ ዕዳ እየከበዳት፣ የጥጥ ምርቷም እየቀነሰ በመሄዱ ፓውንድዋን ደጋግማ ቀነሰች። በይፋው ዋና ተመን ስናሰላው አንዱ ፓውንድ፦

በሰኔ 1970 ዓ.ም. — 5.18 ብር
በኅዳር 1975 ዓ.ም. — 1.59 ብር
በየካቲት 1977 ዓ.ም. — 0.83 ብር
በጥቅምት 1980 ዓ.ም. — 0.46 ብር

በ1977 ዓ.ም. በረሃብና በጦርነት የተሰደዱ ኢትዮጵያውያን በምሥራቅ ሱዳን መጠለያዎች በነበሩበት ጊዜ፣ ሰባት ብር ያወጣ የነበረው ፓውንድ በይፋ ከአንድ ብር በታች ሆኖ ነበር።

2. በየትኛው ገንዘብ?

ስም አንድ ሆኖ ገንዘቡ የተለያየ ሊሆን ይችላል። ሱዳን በ1984 ዓ.ም. ዲናርን አወጣች፤ አንዱ ዲናር 10 ፓውንድ ነበር። በጥር 1999 ዓ.ም. ደግሞ ፓውንድ የሚለው ስም ተመለሰ፤ አንዱ አዲስ ፓውንድ 100 ዲናር ሆነ። ስለዚህ አንዱ አዲስ ፓውንድ 1,000 አሮጌ ፓውንድ ነው። ይህን ሳያስተውል የሁለት ዘመን ዋጋ የሚያወዳድር ተማሪ ሺህ እጥፍ ይሳሳታል።

በእኛም አገር በመስከረም 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች በአዲስ ተተኩ፤ የ200 ብር ኖትም ተጨመረ። ለለውጡ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ሲሆን፣ የትግራይ ጦርነት የተነሣው በዚሁ ጊዜ ውስጥ ነው። አሮጌውን ኖት ይዞ ወሰን የተሻገረና ቀኑ ሳያልፍ ሊለውጥ ያልቻለ ሰው፣ በእጁ የቀረው የሚመነዘር ገንዘብ ሳይሆን ወረቀት ነው። የገንዘብ ዋጋ የሚመጣው ኖቱን ካወጣው ባንክ ቃል መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አይገኝም።

3. በየትኛው ገበያ?

የካቲት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ሱዳን የዶላርን ይፋ ተመን ከ55 ወደ 375 ፓውንድ አደረሰችው። በዚያን ጊዜ አንድ ዶላር በኢትዮጵያ ባንክ 40 ብር ገደማ ነበር። በባንክ ስሌት 1,000 ብር ከዋዜማው 1,375፣ በማግስቱ 9,375 ፓውንድ ያህል ነው። ታዲያ ብር የያዘው ስደተኛ ባንድ ሌሊት በለጸገን? አልበለጸገም። ጥቁር ገበያው ከብዙ ጊዜ በፊት አዲሱ ተመን አካባቢ ደርሶ ስለነበር፣ መንግሥት ያደረገው ገበያውን መከተል ነው። እህልና ዘይትም ዋጋቸው የሚቆረጠው በገበያው ምንዛሪ ነበር።

ይህ በሱዳን ብቻ የሚታይ አይደለም። በ1985 ዓ.ም. ብር ከ2.07 ወደ 5.00 ሲወርድ ጥቁር ገበያው ቀድሞ ርቆ ሄዶ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግም አንዱ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ባንድ ቀን ከ70 ብር በላይ ደርሷል። እንግዲህ ከዚህ በላይ የሰጠናቸው ቁጥሮች የይፋው ተመን ስሌት እንጂ በወሰን ገበያ የተከፈለው ዋጋ አለመሆናቸው መታወስ አለበት።

ለክፍል ውይይት

ሀ. በ1977 ዓ.ም. አንድ ዶላር 2.50 ፓውንድና 2.07 ብር ነበር። 300 ፓውንድ ስንት ብር ይሆናል?
ለ. ያ 300 አሮጌ ፓውንድ በ1999 ዓ.ም. አዲስ ገንዘብ ሲለወጥ ስንት ሆነ?
ሐ. ይፋው ተመንና የገበያው ዋጋ ሲራራቁ የሚጠቀመው ማን ነው? የሚጎዳውስ?

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች የሒሳብ መምህሩ ሊያርማቸው ይችላል። ሦስተኛውን ግን ተማሪዎች ባካባቢያቸው ከሚያዩት ኑሮ ጋር እያገናዘቡ ቢወያዩበት ይበልጥ ይጠቀማሉ ብለን እናምናለን።