ስሙ የማይጠራው ጎረቤት

በአውሮፓ ምዕራብ ጫፍ ባሕር ከብቧት የምትገኘውን አየርላንድን ከአምሳ ዓመት በፊት የጎበኘ ኢትዮጵያዊ እንግዳ ቢኖር፣ ቋንቋውና ብርዱ ባዕድ ቢሆኑበትም የሕዝቡ ኑሮ ግን እምብዛም እንግዳ ባልሆነበት ነበር፤ በቀትር ደወል ሲደወል ጸሎት የሚያደርስ፣ በየቤቱ ግድግዳ ቅዱስ ሥዕል የሚሰቅል፣ ከዐሥሩ ካቶሊክ ዘጠኙ በየሳምንቱ የሚያስቀድስ ሕዝብ ነበረና። ይኸው ሕዝብ በሜይ 22 ቀን 2015 (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ድምፁን ሰጥቶ፣ ጳጳሳቱ እየተቃወሙ፣ ሁለት ወንዶች ወይም ሁለት ሴቶች በሕግ ይጋቡ ዘንድ ሕገ መንግሥቱን አሻሻለ፤ ይህንንም በውሳኔ ሕዝብ በመፍቀድ አየርላንድ ከዓለም የመጀመሪያዋ ሆነች። ፍቺን እንኳ በ1995 በዘጠኝ ሺህ ድምፅ ብልጫ ብቻ የፈቀደ ሕዝብ፣ በሃያ ዓመት ውስጥ ምን ቢያገኘው ነው እዚህ የደረሰው?

ከሕጉ ልጀምር። በወንዶች መካከል የሚደረገውን ግንኙነት የሚቀጣው ሕግ የአየርላንድ ሰዎች የጻፉት አልነበረም፤ አገሪቱ በእንግሊዝ ሥር ሳለች በ1861 ከለንደን የወጣ ሲሆን፣ ድርጊቱን «አስጸያፊ ወንጀል» ብሎ ሰይሞ እስከ ዕድሜ ልክ እስራት ያስቀጣ ነበር። በደብሊን የተወለደውን ደራሲ ኦስካር ዋይልድን በ1895 ለሁለት ዓመት ከከባድ ሥራ ጋር ወኅኒ ያወረደውም በ1885 የተከተለው የዚሁ ሕግ ታናሽ ወንድም ነው። የሚያስገርመው ግን፣ ነፃነቷን ካገኘች በኋላ የእንግሊዝን ብዙ ነገር አሽቀንጥራ የጣለችው አየርላንድ ይህን አለመጣልዋ ነው፤ እንግሊዞች ራሳቸው በ1967 ያላሉትን ቀንበር እርስዋ እስከ 1993 ተሸከመችው። (በእኛም አገር ሕግ ድርጊቱ ዛሬም ወንጀል ነው፤ ልማዳዊው ቃላችንም ከሰዶም የተወሰደ በመሆኑ ስም መጥራቱ ብቻውን ብያኔ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ «የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች» ማለትን የመረጥሁት ስለዚሁ ነው።)

ይሁን እንጂ ሕጉ ከመቅጣቱ ይልቅ ዝም ማሰኘቱ ይበልጥ ነበር። ወላጅ ቢያውቅም ለጎረቤት አይናገርም፤ ልጁም አድጎ የለንደንን መርከብ ይሳፈራል፤ የቀሩትም «እንዲህ ያለ ሰው በእኛ ዘንድ የለም» ይላሉ፣ የነበረውን ራሳቸው አሰድደው።

ይህን ዝምታ የሰበረው ደም ነው። በሴፕቴምበር 1982 ፌርቪው በሚባለው የደብሊን መናፈሻ አንድ ሰው የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ነው ተብሎ በወጣቶች ተደብድቦ ሞተ፤ በተከታዩም ማርች ገዳዮቹ ፍርዳቸው ታግዶላቸው ወደየቤታቸው ተመለሱ። በዚያ ወር ከመሀል ከተማው እስከዚያው መናፈሻ ድረስ በሰልፍ የሄዱት ሰዎች ስለ ጋብቻ አንዲት ቃል አልተናገሩም፤ የሰው ነፍስ ዋጋ ይህን ያህል ነውን የሚል ጥያቄ ብቻ ይዘው ነበር።

የትሪኒቲ ኮሌጅ የሥነ ጽሑፍ መምህር የነበሩት ዴቪድ ኖሪስ ያንን አሮጌ ሕግ ቀደም ብለው ከስሰው ነበር፤ በዚያው 1983 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የአገሩን ክርስቲያናዊ ጠባይ እየጠቀሰ በ3 ዳኞች ለ2 ፈረደባቸው። ኖሪስ ግን በጠበቃቸው በሜሪ ሮቢንሰን ረዳትነት አቤቱታቸውን ስትራስቡርግ ለሚያስችለው የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት አቀረቡ፤ እርሱም በኦክቶበር 1988 በ8 ለ6 ድምፅ ፈረደላቸው። መንግሥቱ ፍርዱን ለመፈጸም አምስት ዓመት ያህል አንገራገረ፤ በመጨረሻ በ1993 አዲሱ ሕግ ሲወጣ፣ ፊርማቸውን ያኖሩበት የአገሩ ርእሰ ብሔር እኚያው ጠበቃ ሜሪ ሮቢንሰን ነበሩ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሁሉ ብዙ ሰዎች በቤተ ክርስቲያኒቱ ውርደት ላይ ያሳብቡታል፤ በ1990ዎቹ ካህናት በሕፃናት ላይ የፈጸሙት ግፍ እየተገለጠ፣ ጳጳሳቱም ግፉን መደበቃቸው እየታወቀ በሄደ መጠን ቃላቸው ቀልሎ ነበርና። ለእኔ ግን ይህ ግማሽ መልስ ብቻ ይመስለኛል፤ ክብሩን ያጣ መምህር ተማሪውን ያሸሻል እንጂ አዲስ ትምህርት አያስተምረውምና። አዲሱን ትምህርት ያስተማሩት፣ የቅጣት ፍርሃት ከተነሣላቸው ወዲህ በእናታቸው ማእድ ተቀምጠው ስለ ራሳቸው መናገር የጀመሩት ልጆች ናቸው። የድምፁ ቀን ሲቃረብ የጤና ሚኒስትሩ ሊዮ ቫራድካር ከተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች አንዱ መሆናቸውን በራዲዮ ተናገሩ፤ አጥባቂ ካቶሊክ የሆኑት የቀድሞዋ ፕሬዚዳንት ሜሪ ማክአሊስም እንደ ማንኛዪቱም እናት ስለ ልጃቸው በአደባባይ መሰከሩ፤ የኮሌጅ ተማሪዎች ወደ ገጠር አያቶቻቸው ስልክ እየደወሉ ለመኑ፤ ስደተኞችም ለአንዲት የድምፅ ወረቀት ሲሉ በመርከብና በአውሮፕላን ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ውጤቱ 1,201,607 ድምፅ ለአዎን፣ 734,300 ለአይደለም ሆነ፤ ከ43ቱ የምርጫ ክልሎች እምቢ ያለው ሮስኮመንና ደቡብ ሊትሪም የሚባለው አንዱ ብቻ ነው። የደብሊኑ ሊቀ ጳጳስ ዲያርሙድ ማርቲን፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ያለችበትን እውነት አጥብቃ ልትመረምር እንደሚገባት ተናገሩ። ቫራድካር በ2017 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በጁን 2018 ፓርላማው በአሮጌው ሕግ የተቀጡትን ሁሉ ይቅርታ ጠየቀ፤ ይቅርታውን በሕይወት ለመስማት ያልበቁት ግን ብዙዎች ነበሩ።