ሪያድ ውስጥ የትኛው መድኃኒት በማዘዣ ይገኛል፣ የትኛውስ በምንም አይገኝም?

ጥያቄው የመጣልኝ በድምፅ መልእክት ነው። ልጅቷ ሰሜን ሪያድ፣ አንድ ትልቅ ቤት ውስጥ ትሠራለች። ከአልጋ የማይነሱ የማዳም እናት አሉ፤ እሳቸውን ማንሳት፣ ማገላበጥ፣ ማጠብ የእሷ ሥራ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስታነሳ ወገቧ አለቀ፤ ሌሊቱን ስትገላበጥ ነው የሚነጋው። ታዲያ ስልኳ ላይ አንድ ቪዲዮ አየች። «የውጭ አገር ሰው ብትሆኚም በስልክ ከሐኪም ጋር ትነጋገሪያለሽ፣ ትከፍያለሽ፣ የካናቢስ ዘይት ማዘዣ ይላክልሻል፤ ለሕመም ስለሆነ ሕጋዊ ነው» ይላል። «እኔስ እዚህ የውጭ አገር ሰው አይደለሁ? ማዘዣው ካለኝ ምን ይሉኛል?» አለችኝ።

አልሳቅሁባትም። ሕመም ያለበት ሰው ሁሉንም በር ያንኳኳል። ቪዲዮውም ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። ችግሩ የሚያወራው ስለ ሌላ አገር መሆኑ ነው።

ካናቢስ ማለት እኛ ሀሺሽ፣ ጋንጃ፣ ማሪዋና የምንለው ነው። በአንዳንድ አገሮች ሐኪም ለሕመም ያዝዘዋል። ጀርመን ከ2017፣ እንግሊዝ ደግሞ ከ2018 ጀምሮ ሐኪሞች እንዲያዝዙት ፈቅደዋል። ታይላንድ እ.ኤ.አ. በ2022 ከተከለከሉ ዕፆች ዝርዝር አውጥታው ነበር፤ በ2025 ደግሞ ያለ ማዘዣ እንዳይሸጥ አድርጋለች፤ ቱሪስትም ቢሆን ማዘዣ ያስፈልገዋል። ቪዲዮዎቹ የሚመጡት ከእንዲህ ዓይነት አገሮች ነው። ማዘዣው ግን የሚሠራው በተጻፈበት አገር ብቻ ነው። ሳዑዲ ውስጥ ካናቢስን የሚያዝዝ ሐኪም የለም፣ የሚሸጥ ፋርማሲም የለም፤ ከውጭ የመጣ ማዘዣም አይቆጠርም። ዘይት ይሁን ከረሜላ፣ ቅባት ይሁን «ሲቢዲ ነው፣ አያሰክርም» የተባለ ጠብታ፣ እዚህ አገር ሁሉም ያው ነው። አገራችንም ቢሆን የተለየ አይደለም፤ የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም ይከለክለዋል።

ቅጣቱን ለማስፈራራት ሳይሆን እንድታውቂው ልንገርሽ። የሳዑዲ የአደንዛዥ ዕፅ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ለራሱ የተጠቀመ ሰው ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ይታሰራል፤ የውጭ አገር ሰው ከሆነ ቅጣቱን ጨርሶ ይባረራል። ወደ አገሪቱ ያስገባ፣ ወይም ካስገባው ሰው የተቀበለ ግን እስከ ሞት ሊፈረድበት ይችላል። ይሄ ወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ሕግ አይደለም። በዕፅ ምክንያት በሞት መቅጣት ለጥቂት ዓመታት ቆሞ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 እንደገና ተጀመረ። በኦገስት 2025 መጀመሪያ ላይ ናጅራን ውስጥ ሀሺሽ አስገብተዋል ተብለው ከተገደሉት መካከል 3 ኢትዮጵያውያንና 4 ሶማሌዎች ነበሩ። የእናቶቻቸውን ቤት አስቢው።

ስለዚህ «የተቀበለ» የሚለውን ቃል ልብ በይ። ከአገር ቤት ስትመለሺ ቦሌ ላይ «እህቴ፣ ይችን ለእህቴ አድርሽልኝ» የሚልሽ ሰው አይጠፋም። በርበሬው ውስጥ፣ የጫማው ሶል ውስጥ፣ የቅባቱ ዕቃ ውስጥ ምን እንዳለ አንቺ አታውቂም። ዘመድ ቢሆን እንኳ ፊትሽ ተከፍቶ፣ ፊትሽ ይታሸግ። ጫትም እንዲሁ ነው፤ አገራችን ገበያ ላይ የሚሸጠው ጫት እዚህ አደንዛዥ ዕፅ ነው። መንፉሐ ውስጥ በፖስታ ተጠቅልሎ ይመጣል የሚሉሽንም አትስሚ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። እኛን ሴቶቹን ብዙ ጊዜ አጣብቂኝ ውስጥ የሚያስገባን ሀሺሽ አይደለም። ከአገራችን ሐኪም አዝዞልን፣ ከጤና ጣቢያ ተቀብለን፣ ምንም ክፋት ሳናስብ ሻንጣችን ውስጥ የምንከተው ክኒን ነው።

አንዲት ልጅ አውቃለሁ፤ ከወሎ ነው የመጣችው። ከልጅነቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባት። በጤና ጣቢያ ፌኖባርቢታል ይሰጣት ነበር፤ አገራችን ውስጥ ለዚህ በሽታ በብዛት የሚሰጠው እሱ ነው። ማታ ማታ እየዋጠች ደህና ነበረች። ለምርመራ ስትቀርብ ኮንትራቱ እንዳይሰረዝባት ደበቀችው። የሁለት ወር ክኒን በፌስታል ቋጥራ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተች፤ ስም የለው፣ ካርቶን የለው፣ ዝም ብሎ ነጭ ፍሬ። ቦሌ ላይ ስትሰለፍ አጠገቧ የነበረች ሴት አይታ «አንቺ! ይሄ ከተያዘብሽ አንገትሽን ነው የሚቆርጡሽ» አለቻት። ደነገጠች። ሽንት ቤት ገብታ ሁሉንም ደፋችው።

ሪያድ በገባች በስድስተኛው ቀን ወጥ ቤት ውስጥ ወደቀች። ምድጃው ላይ ውኃ ነበር፤ ግራ እጇ ተቃጠለ። የቤቱ ሰዎች መጀመሪያ ጂን መስሏቸው ነበር፤ ደግነቱ ትልቁ ልጃቸው 997 ደውሎ አምቡላንስ መጣ። በኋላ እኔ ሳገኛት የምታለቅሰው ስለ እጇ አልነበረም፤ «ደበቅሁ ብለው ይመልሱኛል» ብላ ነበር።

እንግዲህ ሁለቱም መንገድ ስህተት ነበር፤ ክኒኑን ያለ ወረቀት መያዙም፣ መድፋቱም። ያቺ ተሳፋሪ በከፊል ልክ ናት፤ ፌኖባርቢታል ሳዑዲ ውስጥ ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ነው። ነገር ግን እንዲህ ዓይነት መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ በሽታው ከበፊቱ ብሶ ይመጣል፤ ሊገድልም ይችላል። ሦስተኛ መንገድ እንዳለ ማንም አልነገራትም፤ ፈቃድ ማውጣት።

(እግረ መንገዴን፦ ሰው ሲወድቅ ክብሪት አታሽቱት። አፉ ውስጥም ማንኪያ አትክተቱ። ከእሳትና ከስለት አርቁት፣ በጎኑ አስተኙት፣ ከጭንቅላቱ ሥር ጨርቅ አድርጉለት፤ ከ5 ደቂቃ በላይ ከቆየ 997 ደውሉ።)

ፈቃዱን የሚሰጠው የሳዑዲ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። የባለሥልጣኑ ድረ ገጽ ላይ ቁጥጥር ለሚደረግባቸው መድኃኒቶች የተዘጋጀ የማመልከቻ ቦታ አለ፤ የውጭ አገር ተጓዥም ማመልከት ይችላል። የሚጠየቀው ፓስፖርት፣ የሐኪም ማዘዣ ወይም የሕክምና ማስረጃ፣ የመድኃኒቱ ስምና መጠን ነው። ይዘሽ መግባት የምትችይው ቢበዛ የ30 ቀን ነው፤ ቆይታሽ ከዚያ ካጠረ ደግሞ ለቆይታሽ የሚበቃውን ብቻ ነው። ማመልከቱ ከመነሳትሽ በፊት ይለቅ፤ አውሮፕላን ማረፊያ ደርሶ «ማዘዣ አለኝ» ማለት ብቻውን አይበቃም። ጥያቄ ካለሽ የባለሥልጣኑ ስልክ 19999 ነው፤ የሚደወለው ግን ከሳዑዲ ውስጥ ነው። አገር ቤት ሆነሽ ድረ ገጹ ካስቸገረሽ የሚልክሽን ኤጀንሲ እንዲያመለክትልሽ ጠይቂው። «አያስፈልግም፣ ዝም ብለሽ ያዢው» ካለሽ እሱ አይደለም የሚፈተሸው፣ አንቺ ነሽ።

ከአገር ቤት ሐኪምሽ ማስረጃ ስትቀበዪ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ማህተም ያለው፣ የበሽታው ስምና የመድኃኒቱ ስም በግልጽ የሚነበብበት ይሁን። ስምሽ ልክ ፓስፖርትሽ ላይ እንዳለው ይጻፍ። ክኒኑ ከካርቶኑ አይውጣ።

የትኞቹ ናቸው ቁጥጥር ያለባቸው? ሁሉንም ልዘረዝርልሽ አልችልም፤ በእኛ ሴቶች ቦርሳ ውስጥ የማያቸውን ልንገርሽ። ትራማዶል አንዱ ነው፤ አገራችን ውስጥ እንደ ከረሜላ ይዞራል፣ እዚህ ግን ያሳስራል። ኮዴይን ያለበት የሳልና የሕመም መድኃኒት አለ። ለእንቅልፍና ለጭንቀት የሚሰጡት ዲያዚፓም፣ ክሎናዚፓም፣ አልፕራዞላም አሉ። ለነርቭ ሕመም የሚሰጠው ፕሪጋባሊንም አለ፤ ብዙ ሰው ሊሪካ በሚለው ስሙ ነው የሚያውቀው። እነዚህ ከሀሺሽ የሚለዩት ሕጋዊ በር ስላላቸው ነው፤ የሪያድ ሐኪም መርምሮሽ ያስፈልጋታል ካለ፣ በኢቃማ ቁጥርሽ አስመዝግቦ ሊያዝልሽ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ። ማዳም ደግ ሆና «ያምሻል፣ ይኸው ዋጪ» ብላ ከአሮጊቷ ሊሪካ አንድ ፍሬ ብትሰጥሽ አትቀበዪ። መድኃኒቱ የታዘዘው ለእሳቸው ነው። ነገ ፍሬ ጎደለ ቢባል፣ ወይም ቦርሳሽ ቢፈተሽ፣ የማን ቃል ነው የሚታመነው? «ሹክረን፣ ሐኪም ልይ» በይ። እውነቱን ለመናገር እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ተቀብያለሁ። ምንም አልደረሰብኝም፤ ዕድል ነው እንጂ ብልህነት አልነበረም።

በእንዲህ ዓይነት ክኒን ልማድ ውስጥ የገባሽም ካለሽ፣ ብቻሽን አይደለሽም። ሕጉ አንድ በር ትቷል፤ ተጠቃሚው ራሱ ወይም ቤተሰቡ ሕክምና ፈልጎ ከቀረበ፣ የያዘውንም ካስረከበ፣ በመጠቀሙ አይከሰስም ይላል። ሪያድ ውስጥ ኢራዳ የሚባለው የአእምሮ ጤና ሆስፒታል ይህን ሕክምና ይሰጣል። መቅረብ ያለብሽ ግን ከመያዝሽ በፊት ነው።

ሐኪም ጋ መሄድ ራሱ ለብዙዎቻችን ተራራ ነው፤ አውቃለሁ። 937 የሳዑዲ ጤና ሚኒስቴር ስልክ ነው፤ 24 ሰዓት ይሠራል፣ ከቤት ሳትወጪ ሐኪም ያማክርሻል። የቤት ሠራተኞች ደንብ በሐኪም ወረቀት በዓመት እስከ 30 ቀን የሕመም ፈቃድ ይሰጥሻል። ቤቱ ውስጥ ከ4 በላይ የቤት ሠራተኞች ካላችሁ ደግሞ ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ አሰሪው የጤና መድን እንዲገባላችሁ ግዴታ ነው፤ ካርዱን ጠይቁ። አላሳክምም ካለሽ የሰው ኃይል ሚኒስቴር ስልክ 19911 ነው። የኢቃማሽንና የፓስፖርትሽን ፎቶ ስልክሽ ውስጥ አኑሪ፤ ፓስፖርትሽን አሰሪ መያዝ አይፈቀድለትም፣ ቢይዘውም እንኳ ቁጥሩ አይጥፋብሽ።

አረብኛው እንዳያስፈራሽ እነዚህን ያዢ። ወገቤን ያመኛል ለማለት «ዘህሪ ይዓውርኒ»። ማዘዣ «ወስፈ» ነው፣ የሐኪም ማስረጃ «ተቅሪር ጢቢ»። የሚጥል በሽታ «ሰረዕ» ይባላል። የሚሰጡሽን ክኒን እያሳየሽ «ሃዳ መምኑዕ?» ብለሽ ጠይቂ፤ የተከለከለ ነው ወይ ማለት ነው። ጥያቄው አያሳፍርም፣ ፋርማሲስቱም ለምዶታል።

የወሎዋ ልጅ አልተመለሰችም። ሆስፒታሉ ሌቬቲራሴታም የሚባል ሌላ መድኃኒት ጀመረላት፤ ያንን በተራ ማዘዣ ከፋርማሲ ትወስዳለች። አሁንም እዚያው ቤት ናት፣ ብቻ ምድጃ ላይ ብቻዋን አያቆሟትም።

ወገቧን ለሚያማት ልጅ ደግሞ ቪዲዮውን አጥፊና 937 ደውይ አልኳት። ሁለት ቀን ፈራች፤ በሦስተኛው ደወለች። ሙስተውሰፍ ሄዳ ታየች። የጡንቻ መጎዳት ነው ተባለች፤ ተራ የሕመም ማስታገሻ፣ ወገብ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴና 7 ቀን ዕረፍት ተሰጣት። ሐኪሙ አሮጊቷን ብቻዋን እንዳታነሳ ወረቀቱ ላይ ጻፈላት። ማዳም አልወደደችውም፤ ግን ወረቀት ነውና አሁን ሁለት ሆነው በአንሶላ ነው የሚያገላብጧቸው። ልጅቷ ወረቀቱን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ስሟ ላይ አንዲት ፊደል ተሳስታለች፤ ኢቃማዋ ላይ ካለው ጋር እንዲገጥም ተመልሳ እንድታስተካክለው ነገርኳት።