ለመሐንዲስ ከስሌት ሌላ ምን ያሻዋል?

ፋብሪካ የሚያቋቁም፣ መጋዘን የሚያሠራ ወይም ከውጭ አገር መሣሪያ የሚያስመጣ ነጋዴ ሁሉ ገንዘቡን የሚያወጣው የመሐንዲስን ቃል አምኖ ነው። ስለዚህ መሐንዲሶች ከዩኒቨርሲቲ ምን ተምረው እንደሚወጡ ማወቅ ለመምህራን ብቻ የሚተው ነገር ሳይሆን የነጋዴውም ጉዳይ ነው።

በምሕንድስና ትምህርት ስሙ የገነነው የአሜሪካው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የትምህርቱን አካሄድ የሚመረምር ኮሚቴ አቁሞ ነበር። ኮሚቴው እ.ኤ.አ. በ1949 ባቀረበው ሪፖርት የሰውን ታሪክ፣ ቋንቋና ማኅበራዊ ኑሮ የሚመለከተው ትምህርት ከሳይንሱ ጐን እንዲቆም ስላሳሰበ፣ በ1950 ለዚሁ ራሱን የቻለ የትምህርት ክፍል ተቋቋመ። ዛሬም በተቋሙ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚማር ሁሉ ከዚህ ዘርፍ 8 ኮርሶች መውሰድ ግዴታው ነው።

የዚህ ትምህርት ጥቅም ምን እንደሆነ አንድ የታወቀ አደጋ ያስረዳል። ጥር 20 ቀን 1978 ዓ.ም. ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኰራኵር በተነሣች በ73 ሴኮንድ ተሰባብራ 7 ተጓዦቿ ሞቱ። በዋዜማው ማታ የሮኬቶቹ ሠሪ ኩባንያ መሐንዲሶች፣ የመገጣጠሚያው የጎማ ቀለበት በብርድ ስለሚደርቅ አየሩ ከ12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሳለ እንዳትነሣ በስልክ በተደረገ ስብሰባ መክረው ነበር። ይሁን እንጂ ማስረጃቸው አልተሟላም ተብሎ ስለተነቀፈ የኩባንያው ኀላፊዎች ምክሩን ሽረው መነሣቷን ፈቀዱ። በዚያች ሌሊት ዋናው ክርክር፣ ጥርጣሬ ባለ ጊዜ የማስረዳቱ ሸክም በማን ላይ ይውደቅ የሚል ነበር። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚገኘው ከስሌት ሰንጠረዥ ሳይሆን ከሕግ፣ ከሥነ ምግባርና ከንግግር ጥበብ ነው። እርግጥ ትምህርት ብቻውን ድፍረትን አይሰጥም፤ ነገር ግን እውነትን የያዘ ሰው እንዴት አድርጎ እንደሚያስረዳ ያስተምረዋል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ መንግሥት ወደ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት ተማሪዎች 70 በመቶው በተፈጥሮ ሳይንስና በቴክኖሎጂ እንዲመደቡ ወስኖ ነበር። አገር የሚገነባ ባለሙያ ለማብዛት የታሰበው ሐሳብ መልካም ቢሆንም፣ ቍጥር ብቻውን የተሟላ መሐንዲስ አያስገኝም። በ2012 ዓ.ም. የአንደኛው ዓመት የጋራ ትምህርት ሲመለስ የምሕንድስና ተማሪዎችም አመክንዮ፣ ሥነ ምግባርና አንትሮፖሎጂ እንዲማሩ መደረጉ ጉድለቱን ለመሙላት የተወሰደ እርምጃ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ድርሻ የእኛ የነጋዴዎች ነው። የምሕንድስና ተማሪ ለተግባር ልምምድ ወደ ፋብሪካችሁ በመጣ ጊዜ፣ አንድ መሣሪያ ምን ጥቅም እንደሚሰጥ፣ ምን አደጋ እንዳለበትና አጠገቡ የሚቆመውን ሠራተኛ ምን እንደሚያሠጋው ባለሱቅም አንባቢ በሚረዳው አማርኛ በአንድ ገጽ ጽፎ እንዲያቀርብ ጠይቁት። ይህን አጣርቶ መጻፍ የቻለ ወጣት ነገ ገንዘባችሁንም፣ የሠራተኞቻችሁንም ሕይወት በአደራ ሊቀበል ይችላል።