የኅብለ ሠረሠር ጉዳትና ፕሮቲን የማይሠሩ አርኤንኤዎች

ተማሪዎች ሆይ፣ ጣታችሁ እሳት ሲነካው ስሜቱን ወደ አንጎል፣ የአንጎልንም ትእዛዝ ወደ ጡንቻ የሚያስተላልፈው ኅብለ ሠረሠር ነው። ኅብለ ሠረሠር በአከርካሪ አጥንቶች መካከል የሚያልፍ ለስላሳ የነርቭ ገመድ ሲሆን፣ በአዋቂ ሰው ርዝመቱ 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ከእርሱም 31 ጥንድ ነርቮች ይወጣሉ። በአንገት በኩል ክፉኛ ከተጎዳ እጅም እግርም፣ በደረት በኩል ከተጎዳ ደግሞ እግር ሊሽመደመድ ይችላል።

ለጉዳቱ መንስኤ ከሚሆኑት መካከል የመኪና አደጋ፣ ከከፍታ መውደቅና ጥይት ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ የጀመረው በመቀሌ ከተማ የሚገኘው የዓይደር ሆስፒታል፣ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በትግራይ በተካሄደው ጦርነት ወቅት ቁስለኛ በዝቶበት መድኃኒት አንሶት ነበር።

ጉዳቱ በሁለት ደረጃ ይከፈላል። አንደኛው በአደጋው ቅጽበት የሚደርሰው መቀጥቀጥ ወይም መበጠስ ነው። ሁለተኛው በቀጣዮቹ ሰዓታትና ቀናት የሚከተለው እብጠት፣ የጤነኛ ሕዋሳት መሞትና ነርቭ እንዳያድግ የሚያግድ ጠባሳ መፈጠር ነው። ሳይንቲስቶች ሊገቱት የሚጥሩት ይህን ሁለተኛውን ነው።

በሕዋስ ውስጥ የሚገኘው ዲኤንኤ እንደ መዝገብ ቢቆጠር፣ አርኤንኤ ከመዝገቡ የሚወጣ ግልባጭ ነው። መልእክተኛ አርኤንኤ የፕሮቲን አሠራር መመሪያ ይይዛል። ይሁን እንጂ ከሰው ዲኤንኤ ውስጥ ይህን መመሪያ የያዘው ከመቶ ሁለት እጅ ያህሉ ብቻ ነው። ከቀረው ክፍል የሚገለበጡት አርኤንኤዎች ፕሮቲን አይሠሩም፤ ነገር ግን ሥራ ፈት ናቸው ማለት አይደለም። ቪክቶር አምብሮስና ጋሪ ራቭከን እ.ኤ.አ. በ1993 በአንዲት ደቃቃ ትል ውስጥ ማይክሮ አርኤንኤን አገኙ፤ በ2024ም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ማይክሮ አርኤንኤ 22 ፊደላት ያህል ያሉት ሲሆን፣ ከመልእክተኛው ጋር ተጣብቆ መልእክቱ ሥራ ላይ እንዳይውል ያደርጋል።

ኅብለ ሠረሠር ሲጎዳ የብዙ ማይክሮ አርኤንኤዎች መጠን ይለወጣል። ለምሳሌ ማይክሮ አርኤንኤ 21 የተባለው፣ ጠባሳ የሚሠሩ ሕዋሳትን ከልክ በላይ መፋፋት እንደሚገታ በአይጦች ላይ በተደረገ ምርምር ታይቷል። ሆኖም ይህ እውቀት ለሕሙማን በመደበኛነት የሚሰጥ ሕክምና ገና አልሆነም።

ስለዚህ የተጎጂው ዕጣ በአብዛኛው በመጀመሪያ ባነሡት እጆች ላይ ይወድቃል። የወደቀን ሰው ሮጦ ብድግ ማድረግ የደግነት ልማድ ነው፤ አከርካሪው ከተጎዳ ግን ደግነቱ ጉዳቱን ሊያባብስ ይችላል። እንዳይንቀሳቀስ አድርጋችሁ የሕክምና ርዳታ ጥሩ። ማንሣት ግድ ከሆነ፣ ብዙ ሆናችሁ ራሱን፣ አንገቱንና ወገቡን ቀጥ አድርጋችሁ በዝርግ ሳንቃ ላይ አስተኙት።

መልመጃ
1. ሁለቱን የጉዳት ደረጃዎች በራሳችሁ አነጋገር አብራሩ።
2. «ይሁን እንጂ»፣ «ሆኖም» እና «ስለዚህ» በምንባቡ ውስጥ ምን ምን ሐሳቦችን ያያይዛሉ?
3. የወደቀን ሰው ስለ መርዳት አንድ ገላጭ አንቀጽ ጻፉ።