የጥሩወርቅ ሐር

በ2010 ዓ.ም. የዐፄ ቴዎድሮስ ምሽግ መቅደላ በእንግሊዞች ከተዘረፈች 150 ዓመት ሲሞላ፣ የለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ከዚያ የተወሰዱ ቅርሶችን ለእይታ አቀረበ። ሰው ሁሉ የወርቁን ዘውድ ከብቦ ሲያይ፣ በጎኑ አንድ ነጭ ቀሚስ ነበረ።

የማን ነው? ሙዚየሙ «ወይዘሮ ጥሩነሽ» ይላቸዋል። በአገራችን ታሪክ የሚታወቁት እቴጌ ጥሩወርቅ ተብለው ነው፤ የደጃዝማች ውቤ ልጅ፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት። በ1853 ዓ.ም. ልዑል ዓለማየሁን የወለዱት ደብረ ታቦር ላይ ነው።

ቀሚሱን ቀረብ ብሎ ያየ ሌላ ጥያቄ ይገጥመዋል። መደቡ ጥጥ፣ ጥልፉ ግን ሐር ነው። ጥጡንስ ሴቶቻችን ፈተሉት፤ ሐሩ ከየት መጣ? በደጋው የሐር ትል የሚያረባ አልነበረም።

ፍንጩ ሌላ ጨርቅ ላይ ተገኘ። በጎንደር ዘመን የተሠራ፣ ቀዳዳ ባላቸው ትናንሽ ሰሌዳዎች የተሸመነ ታላቅ የሐር መጋረጃ አለ። አንዱ ክፍል ብሪቲሽ ሙዚየም፣ ሌላው ቶሮንቶ ይገኛል። ሊቃውንት ሐሩ የቻይና ነው ይላሉ። ባሕር ተሻግሮ ምጽዋ ይደርሳል፤ ከዚያ ሲራራ ነጋዴ ጎንደር ያገባዋል። የክርስቲያኑ ሰማያዊ የሐር ማተብም በዚሁ መንገድ የመጣ ነው።

ከቻይና ጋር ያለን ልዩነት እዚህ ላይ ይገለጣል። በቻይና ቤተ መንግሥት የእቴጌይቱ ልብስ ጨርቁም ጥልፉም ሐር ነው። እዚህ ሐር ከሩቅ የመጣ ውድ ዕቃ በመሆኑ የኛ ጠላፊ ቆጥቦ ዓይን በሚያርፍበት ቦታ ብቻ አዋለው።

የጎንደር ንብረት መቅደላ የደረሰው እንዲህ ነው፤ በ1859 ዓ.ም. ቴዎድሮስ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ንብረት ዘርፈው ደብረ ታቦር ገቡ። በጥቅምት 1860 ከተማዋን አቃጥለው፣ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እየጎተቱ ወደ መቅደላ ወጡ። ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ስትወድቅ እንግሊዞች ምርኮውን በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ጭነው ወረዱ። እቴጌ ጥሩወርቅም ከእንግሊዝ ሠራዊት ጋር ሲጓዙ በግንቦት አረፉ።

ዛሬ የእናት መቃብር ጨለቆት፣ የልጅ መቃብር እንግሊዝ አገር ዊንድሶር፣ ቀሚሱ ደግሞ ለንደን ነው። ከቻይና ጎንደር ለመድረስ ባሕርና በረሃ ያቋረጠው ሐር ከመቅደላ ሲወጣ ሌላ ባሕር ተሻገረ። የመጣው ተገዝቶ ነበር፤ የሄደው ተዘርፎ ነው።