ስለሚከራዩ ቤቶች የጤና መለኪያ

በቆቃ የአዋሽ ወንዝ በ1952 ዓ.ም. ተገድቦ ሐይቁ ከተፈጠረ ወዲህ፣ የአካባቢው ሰዎች ዓሣና የመስኖ አትክልት አግኝተውበታል፤ የወባ ትንኝም ምቹ መራቢያ አግኝታበታለች። በዳርቻው መንደሮች የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያስረዱት፣ ወባ ለውሃው በቀረበ ቤት ይበረታል። ስለዚህ በዚህ ስፍራ ቤት የሚከራይ ሰው ዋጋውን ከመጠየቁ ጋር የግድግዳውን ስንጥቅና የጣራውን ጠርዝ ቢመረምር ተገቢ ነው።

በከተሞቻችን ለዝቅተኛ ገቢ ሰው በርካሽ የሚከራየው በአብዛኛው የቀበሌ ቤት ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ባደረገ ጊዜ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆነው ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ፤ ኪራዩም ተቀነሰ። ይህ ለድኃው ትልቅ እፎይታ ነበር። ነገር ግን ኪራዩ ለብዙ ዘመን ሳይለወጥ ስለ ቆየ ለእድሳት የሚተርፍ ገንዘብ ታጣ፤ ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘቡን ለማፍሰስ ያመነታል። በዚህ መካከል ምርጉ ይረግፋል፤ ማገሩንም ምስጥ ይበላዋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ዋና ጉዳዩ የኪራይ ጭማሪና የውል ዘመን ነው።

ቤት «ለመኖሪያ ብቁ ነው» የሚባልበት መለኪያ አንድ ጊዜ ተጽፎ በመዝገብ ቤት የሚቀመጥ አይደለም። በ1950ዎቹ የነበሩት የወባ መከላከያ ሠራተኞች ግድግዳውን ዲዲቲ ይረጩ ነበር፤ ትንኟ መድኃኒቱን እየተቋቋመች ስለ ሄደች ዛሬ ቀርቷል። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች ከእስያ የመጣች ትንኝ በቀብሪ ደሃር ተገኘች፤ ከዚያም በአዋሽ ሰባት ታየች። ይህች ትንኝ ረግረግ አትጠብቅም፤ በግቢ በተቀመጠ በርሜልና ታንከር፣ ለግንባታ በተጠራቀመ ውሃም ትራባለች። በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝም ምክንያት እንደ ነበረች ተመራማሪዎች አሳይተዋል። እንግዲህ ይህን የማያውቅ መለኪያ የመንደሩን ረግረግ ሲመረምር ክዳን የሌለውን በርሜል አልፎት ይሄዳል።

«ውሃ ገብቷል» ማለትም በስምጥ ሸለቆ አይበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የወሰነው የፍሎራይድ መጠን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ ከዚያ የበለጠ የጠጣ ሰው ጥርሱና አጥንቱ እንዴት እንደሚጎዳ የወንጂ ነዋሪዎች ያውቁታል።

ይሁን እንጂ የማይደረስበትን መለኪያ አልደግፍም። ቤቱን «ከደረጃ በታች» ብሎ ተከራዩን ማስወጣት ወደ ባሰ ጎጆ መስደድ ነው፤ ይህንኑ የሚፈሩ ሰዎች ጣራቸው እያፈሰሰ ዝም ይላሉ። ለጊዜው የበርሜል ክዳን፣ በመስኮት ላይ የሽቦ ወንፊት፣ የተደፈነ የጣራ ጠርዝና የጢስ መውጫ ያለው ማድቤት ቢጠየቅ ይበቃል። ከእናንተ ከመምህራን ብዙዎቻችሁ ተከራዮች ስለ ሆናችሁ ጉዳዩ ለእናንተም ቅርብ ነው። የወንፊቱንና የክዳኑን ወጪ መሸከም ያለበት ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ኪራዩን የሚቀበለው ወገን ነው፤ ተከራዩ ሲለቅ ወንፊቱ ከቤቱ ጋር ይቀራልና።