የሊማሊሞ ዝናም ወዴት ይወርዳል? ስለ ጣናና ስለ ታላላቅ ሐይቆች

ስለ ጣና ሐይቅ ሲነገር፣ በደባርቅ ዙሪያ በክረምት የሚወርደው ጎርፍ ሁሉ ወደዚያ የሚፈስ ሊመስል ይችላል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው በወገራ ደጋ ላይ ውሃው ለሁለት የሚከፈልበትን ከፍታ ሳያስተውለው ያልፈዋል። ከዚያ ወደ ደቡብ የሚወርደው ዝናም በመገጭ ወንዝ ደንቢያን አቋርጦ ጣና ይገባል፤ ከሊማሊሞ ገደል የሚወርደው ግን በዛሪማ አድርጎ ከተከዜ ይቀላቀላል። ስለዚህ ስለ ታላቁ ሐይቃችን የምንጽፈው ለጎረቤት ወሬ ያህል ነውን? ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ጣና ወደ 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት አለው። ከባሕር ወለል በላይ በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተንጣልሎ፣ ዳጋ እስጢፋኖስንና ክብራን ገብርኤልን የመሳሰሉ ጥንታውያን ገዳማትን በደሴቶቹ አቅፎ ይዟል። ይህን ስፋት ያየ ሰው ጥልቀቱም በዚያው ልክ ይመስለዋል። ነገር ግን እጅግ ጥልቅ በሆነው ስፍራ እንኳ ከ15 ሜትር አይበልጥም፤ አማካዩም 9 ሜትር ገደማ ነው። ጣናን እንደ ጉድጓድ ሳይሆን እንደ ሰፊ ምጣድ ማሰብ ይሻላል።

ንጽጽሩ ያስገርማል። በሩሲያ የሚገኘው የባይካል ሐይቅ በስፋት ጣናን አሥር ጊዜ ያህል ብቻ ይበልጠዋል፤ ጥልቀቱ ግን 1,642 ሜትር በመሆኑ በምድር ገጽ ላይ ካለው በረዶ ያልሆነ ጨው አልባ ውሃ አንድ አምስተኛውን ያህል ብቻውን ይይዛል። ከሀገራችንም የስምጥ ሸለቆው ሻላ፣ ውሃው ለመጠጥ የማይሆን ቢሆንም፣ ስፋቱ ከጣና አንድ ስምንተኛ ሳይሞላ ከጣና የሚበልጥ ውሃ በጥልቁ ይዟል።

ምጣድ ደግሞ ቶሎ ይደርቃል፤ ቶሎም ይሞላል። ከጣና ገጽ በየዓመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል የሚበልጥ ውሃ በፀሐይ ይተናል፤ ይህም ከአማካይ ጥልቀቱ አንድ ስድስተኛ ያህል ነው። ከሐይቁ ወለል ሥር ተቆፍሮ የወጣውን ደለል የመረመሩ ሊቃውንት፣ ከ16,000 ዓመት በፊት ጣና ፈጽሞ ደርቆ እንደነበር አረጋግጠዋል። ዛሬ የሚያሰጋው ግን ከድርቀቱ ይልቅ መሞላቱ ነው። ግልገል አባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ከሚገባው የወንዝ ውሃ አብዛኛውን ያመጣሉ፤ ከውሃው ጋር የደጋውን ለም አፈር ያመጣሉ። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የታየው እምቦጭ አስቀድሞ የተስፋፋው በመገጭ መግቢያ አካባቢ መሆኑ ያለ ነገር አይደለም፤ ከማሳና ከከተማ ታጥቦ የሚመጣው ሁሉ ለአረሙ ምግቡ ነው።

ዓሣዎቹም የዚሁ ጉዳይ ተካፋዮች ናቸው። በአካባቢው ነጭ ዓሣ ከሚባሉት ውስጥ 15 ያህሉ ዓይነቶች ከጣና በቀር በዓለም አይገኙም፤ የጢስ እሳት ፏፏቴ ከታችኛው አባይ ለይቷቸዋልና። ብዙዎቹ በክረምት ወደ ወንዞቹ ሽቅብ ወጥተው እንቁላላቸውን የሚጥሉት በንጹሕ ጠጠር ላይ ነው። ጠጠሩ በደለል ሲሸፈን እንቁላሉ ታፍኖ ይቀራል።

አሁን ወደ ሊማሊሞ እንመለስ። የእኛ ጎርፍ የሚገባበት የተፈጥሮ ሐይቅ የለም፤ በመንገዱ ግን ሰው የሠራው ሐይቅ ይጠብቀዋል። ተከዜ ሱዳን ገብቶ ከአትባራ ወንዝ ጋር ይገናኛል፤ በአትባራ ላይ እ.ኤ.አ. በ1964 የተጠናቀቀው የኻሽም ኤል ጊርባ ግድብ አለ። ግድቡ በአስዋን ሐይቅ ምክንያት ከመኖሪያቸው የተነሡትን የዋዲ ሐልፋ ሰዎች እርሻ ለማጠጣት ታስቦ የተሠራ ሲሆን፣ ውሃ የመያዝ አቅሙን ግማሽ ያህሉን በደለል አጥቷል። ያ ደለል ከኢትዮጵያ ደጋ የሄደ አፈር ነው፤ ከሰሜን ተራራ ግርጌ የተነጠቀውም በውስጡ አለ። እኛ ማሳ ስናጣ እነርሱ ውሃ ያጣሉ።

ክቡራን አባቶች፣ የሰበካ ጉባኤ አባላትም! የአጥቢያችሁ ዐፀድ ሥሩ አፈርን እንዴት እንደያዘ ከጎኑ ካለው ባዶ ተዳፋት ጋር አስተያዩ። በድንበሩ ላይ ቦረቦር ተጀምሮ እንደሆነ፣ ገና በጉልበት የሚዘለል ሳለ በድንጋይ ክትር ማስቆም የጥቂት ቀናት ሥራ ነው፤ ሰውን የሚውጥ ገደል ከሆነ በኋላ ግን የአንድ አጥቢያ አቅም አይበቃውም። ክትሩ ከላይ፣ ከቦረቦሩ ራስ መጀመር አለበት፤ ከታች የተጀመረ በመጀመሪያው ከባድ ዝናም ይፈርሳል። የእርከን ሥራም ከክረምቱ በፊት፣ ገበሬው ከመከር በኋላ ፋታ በሚያገኝበት ወራት ቢያዝ ይመረጣል።

ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ደግሞ አንድ ቀላል ሥራ አለ። በሐምሌ ዝናም ማግሥት ከዐፀዱ ሥር ከሚወጣው ጅረትና ከባዶው ተዳፋት ከሚወርደው ጎርፍ በሁለት ተመሳሳይ ጠርሙሶች ውሃ ይቅዱ፤ ሳይነካ ይደር። ጠዋት ከየጠርሙሱ ሥር የዘቀጠውን አፈር በጣታቸው ስፋት ይለኩና ለጉባኤው ያሳዩ።